የጎደለውን የምትቆጥረው ዶክተር ጂቱ

አስቀድሜ ይቅርታ እላለሁ። መጻፍ የኔ ሥራ አይደለም። ፊደል የለየሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። የዕድራችንን ግምጃ ቤት እጠብቃለሁ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት ሲወጣ መዝገብ ላይ እሞላለሁ፤ ከዚያ በላይ ጽፌ አላውቅም። የተማረ ሰው ቢያነበው አይሳቅብኝ፤ የግድ ካለውም ጨርሶ ይሳቅ።

መቼም በየትኛውም ሰፈር አንድ ቆጣሪ ሰው አይጠፋም። እናንተ "እንደምን ዋላችሁ" ስትሉ እሱ በዐይኑ ይቆጥራችኋል። የኛ የየካ ዳገት ቆጣሪ ግን ከሁሉም ትብሳለች። ሌሎቹ ያለውን ይቆጥራሉ፤ ክብርት ዶክተር ጂቱ ቀጀላ የምትቆጥረው የጎደለውን ነው።

"ስንት ጎደለ?" ሰላምታዋ ይኸው ነው። ሠርግ ቤት ገብታ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ "ስንት ጎደለ?"

ትምህርቷ ደግሞ የባሕር ነው። ባሕር በሌለው አገር! ሰዉ "ዶክተር፣ ባሕሩ እንዴት አደረ?" እያለ ያሾፍባታል። እሷ ከምሯ ትመልሳለች፤ "ዛሬ ማዕበል አለው።"

አንድ ማለዳ እንጦጦ እንጨት ለመልቀም የሚወጡትን ሴቶች ደጃችን ቆማ ቆጠረች። አርባ አንድ። ሲመለሱም ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት።

"ጋሽ ልደቱ፣ ሦስት ጎደለ።"

"በሌላ መንገድ ወርደው ይሆናላ" አልኳት።

"ይሆናል የሚባል ቁጥር የለም" ብላ በዚያው በቢሮ ጫማዋ ዳገቱን ተያያዘችው። ባሕር ዛፍ ሥር አገኘቻቸው፤ አንዷ እግሯ ተወልግዶ፣ ሁለቱ አጠገቧ ተቀምጠው። የተጎዳችውን ሁለቱ ደግፈው፣ ሸክሟን ዶክተር ጂቱ ተሸክማ ወረዱ። ነጠላዋ ላይ የተለጠፈውን ጭጎጎት እስከ ማታ ስትለቅም ነበር። እሱንም ሳትቆጥረው አልቀረችም።

ዘንድሮ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ በመርከብ ሠላሳ አንድ ቀን ቆይታ መጣች። ከዚያ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ቀን እንዳስመለሳት ቆጥራ ነግራናለች። ይዛ የመጣችው ሳንቲም የሚያህሉ ሃምሳ ሁለት ክብ ማጣሪያዎችን ነው። የባሕር ውሃ አልፎባቸው ደቃቁን ነገር ያስቀሩ ናቸው አለች። እዚሁ ዳገቱ ላይ እሷ በምትሠራበት ቤት፣ ያ ደቃቅ ነገር ሲሞት የሚያሰማውን ድምፅ የሚቆጥር ማሽን አለ። ማሽኑን ልታስነሳ ስትል የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ።

እኛ ሻማ ገዝተን ተቀመጥን። እሷ መቀመጥ አልቻለችም። ማጣሪያው ላይ ያለው ነገር በሃያ አራት ቀን ግማሹ ይሞታል፤ ከቀረውም በሌላ ሃያ አራት ቀን ግማሹ። አስራ ሦስቱ ቀን መንገድ ላይ አልቋል።

በሰፈሩ ያለው ጄኔሬተር አንድ ነው፤ የዕድሩ። ደንቡ "ለለቅሶ ካልሆነ አይወጣም" ይላል። የዕድሩ ዳኛ አቶ በዳዳ ለገዛ ልጃቸው ሠርግ እንኳ ከልክለው በፋኖስ ነው የዳሩት።

"ጋሽ ልደቱ፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው አይደል?" አለችኝ።

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ቃሉ ግን አቶ በዳዳ ጋ ነው።"

እሑድ የዕድሩ ስብሰባ ላይ ስም ተጠርቶ እንዳበቃ ብድግ ብላ ጄኔሬተሩን ጠየቀች።

"ማን ሞተ?" አሉ አቶ በዳዳ።

"ቶሪየም።"

"የማን ልጅ?"

"የዩራኒየም።"

"አባል ነው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ንቅንቅ አላለችም።

"አባባ በዳዳ፣ መዝገቡ ላይ ስንት ነን?"

"መቶ አርባ።"

"እዚህስ?"

"መቶ አስራ ሁለት።"

"ሃያ ስምንቱ ሲቀሩ አላየንም፤ ግን መጉደላቸውን አወቅን። ባሕርም እንደዚሁ ነው። ዩራኒየም መዝገቡ ነው፤ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይኖራል፣ ንቅንቅ አይልም። ቶሪየም ከእሱ ይወለዳል፤ ማሽኑ ሲቆጥራቸው እኩል መሆን ነበረባቸው። ቶሪየም ግን እንደ ጭጎጎት ነው፣ ያገኘው ላይ ይለጠፋል። ባሕሩ ላይ ካርቦን የሚመገቡ ደቃቅ ዕፅዋት አሉ። ሞተው ሲሰምጡ እሱንም ይዘውት ይወርዳሉ። ስንት ቶሪየም እንደጎደለ ካወቅኩ፣ ስንት ካርቦን እንደሰመጠ አሰላለሁ።"

"ሰምጦስ ምን ይፈይዳል?" አሉ እማማ ሙሉጌጥ ከኋላ ወንበር።

"ጥልቁ ውስጥ የገባው ለብዙ ዘመን ወደ አየር አይመለስም፤ አየሩንም አያሞቅም፣ እማማ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ፣ ቶሪየሙ ሲያልቅ፣ እንደገና እቆጥራለሁ። ያኔ የሚሰማው የሌላ ነገር ድምፅ ነው፤ እሱን ከዛሬው እቀንሳለሁ።"

"እንግዲያ መንፈቁም ይወጣለታል በሉኛ!" አሉ እማማ ሙሉጌጥ። "ሙት ነው እንጂ ይሄማ!"

አቶ በዳዳ አልሳቁም። "ደንቡ የተጻፈው ለሰው ነው፣ ልጄ። ሌላ የሚናገር አለ?"

ዶክተር ጂቱ መዝገቡን እያየች ቆማ ቀረች። ያን ጊዜ እኔ ተነሣሁ። የዕድሩ አባል ከሆንኩ በአስራ ሰባት ዓመት ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም።

"እኔ... ክረምት ላይ ታምሜ ነበር። ማናችሁም አላወቃችሁም፤ አልፈርድም። እሷ ግን በሁለተኛው ቀን በሬን አንኳኳች። 'ጋሽ ልደቱ፣ ሁለት ቀን ጎደሉ' አለችኝ። ሐኪም ቤትም ያደረሰችኝ እሷ ናት። በቃ፣ ይኸው ነው።"

ተቀመጥኩ።

አቶ በዳዳ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አዩት፣ መልሰው አጠለቁት። "ለአንድ ሳምንት ይውጣ" አሉ። "ሰው ከሞተ ግን በዚያው ሰዓት ይመለሳል። መዝገቡም እንደ ደንቡ ይሞላ፤ ባዶ ቦታ እንዳላይ!"

በማግስቱ ማለዳ ግምጃ ቤቱን ከፈትኩ። ጄኔሬተሩን ጋሪ ላይ ጭኜ በገመድ አሰርኩ፤ የቤንዚኑን ጀሪካን ከጎኑ ሸጎጥኩ። ከዚያ መዝገቡን ዘረጋሁ። "የሟች ስም ከነአባት" የሚለው ቦታ ላይ እስክሪብቶዬ ብዙ ቆየ። ባዶ እንዳይተው የተባለ ነገር ነው። ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ፣ "ቶሪየም ዩራኒየም" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ ጠማማ ነው። ቆጠርኩት፤ አንድም አልጎደለም። ጋሪውን ወደ ዳገቱ ገፋሁ።