አልታጠፍ ስላለው መስመርና ስለ ምድጃ ጠባቂው ጡረታ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15፣ በላቦራቶሪው የምድጃ ክፍል። የስብሰባው ክፍል ቀለም እየተቀባ ነው።

የተገኙ፦ የላቦራቶሪው ኃላፊ (ሰብሳቢ)፣ ተመራማሪዋ፣ የመሣሪያ ጠጋኙ፣ የምድጃው ጠባቂ ማለትም እኔ። ምልአተ ጉባኤው ሞልቷል፤ ወንበሩ ግን ሦስት ነው። ጸሐፊዋ ስለታመመች ጽሕፈቱ ለእኔ ተሰጠ፤ ከዚህ በታች «ጸሐፊው» የተባለው እኔ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ፊደሌ ግን ትልልቅ ስለሆነ ያለ መነጽር ይነበባል።

አጀንዳ 1፦ አልታጠፍ ያለው መስመር

ተመራማሪዋ አስረዳች። ብረት ሲግል በውስጡ የሚሄዱት ኤሌክትሮኖች ይደናቀፋሉ፤ ኤሌክትሪኩን የሚገታው ሬዚስታንስም ይጨምራል፤ በግራፉ ላይ ያለው መስመርም ወደ ላይ ይወጣል። በየእርምጃው ከተደናቀፉ በኋላ ግን ከዚያ የባሰ መደናቀፍ ስለሌለ መስመሩ ጣሪያ ነክቶ መታጠፍ ነበረበት። ትናንት በምድጃው በተለካው በዚህ የብረት ናሙና ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ እጅግ ስለሚገፋፉ ብቻውን የሚራመድ የለም፤ መስመሩም ጣሪያውን ጥሶ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጸሐፊው እንደገባው፣ ነገሩ በጠባብ በር የሚጋፋ ሕዝብ ነው።

ሰብሳቢው የፊዚክስ መጽሐፉ እንዲህ እንደማይል፣ ስለዚህ የተበላሸው ወይ ምድጃው ወይ ጠባቂው መሆኑን ገለጹ። ጸሐፊው መጽሐፉም ምድጃ ገብቶ ይታይ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ደጋፊ አላገኘም።

ሰብሳቢው «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩን፣ ተኝተው ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው በ31 ዓመት ውስጥ ምድጃው እየሠራ ዓይኑን ከድኖ እንደማያውቅ በሟች ባለቤቱ ስም ማለ። ጠጋኙ «ታዲያ ትናንት ከሰዓት ጉንጭዎ ላይ የጠረጴዛው ጠርዝ ምልክት ምን ይሠራ ነበር?» አለ። የጸሐፊው መልስ ለመዝገብ አይሆንም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ ሀ) የመስመሩ ጫፍ በእርሳስ ትንሽ ጎንበስ እንዲል፣ ለ) ምድጃው እንዲቀየር፣ ሐ) ጠባቂው ጡረታ እንዲወጣ ተወሰነ። ጸሐፊው ቤቱ የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ፣ ምድጃው ቢያንስ እንደሚሞቅ አስረዳ። ድምፁ ሁለት ለሁለት ሆነ፤ ሰብሳቢው እጃቸውን ደግመው አወጡ።

አጀንዳ 2፦ ተመራማሪዋ ያመጣችው

ተመራማሪዋ ያው ናሙና በጠጋኙ ትንሽ ምድጃ፣ ጠጋኙ ራሱ እየጠበቀው እንዲለካ አጥብቃ ጠየቀች። ስብሰባው ተቋርጦ 10፡30 ላይ ቀጠለ። መስመሩ ያው ቀጥ እንዳለ ነው። ጠጋኙ «እኔስ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድኩም» አለ።

ሰብሳቢው ተነሥተው «ይቅር ይበሉን ጋሼ። ለካ እውነትም ዓይንዎን አልከደኑም» አሉ። ጸሐፊው እዚህ ላይ አፉን ቢይዝ ይበቃው ነበር። የማለው ግን በሟች ባለቤቱ ስም ስለሆነ አላስችል አለው፤ ከምሳ በኋላ በየቀኑ አንድ ሰዓት እንደሚያሸልብ ተናዘዘ።

ተመራማሪዋ «ጋሼ፣ ምን ነካዎት! አልቆልን ነበር እኮ!» አለች። ጠጋኙ ምድጃው ሙቀቱን በራሱ እንደሚቆጣጠር፣ ጠባቂው ተኛም ነቃም ለውጥ እንደሌለው አስረዳ። ሰብሳቢው ታዲያ ጠባቂ ምን ይሠራል ሲሉ ጠየቁ። ጉባኤው በዚህ ላይ ብዙ አሰበ። ጸሐፊውም አሰበ።

በመጨረሻም ሀ፣ ለ እና ሐ ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዙ፣ መስመሩ እንዳለ እንዲታተም፣ ጠባቂውም በቦታው እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ለክብሩ ሲባል እንቅልፉ በዚህ ቃለ ጉባኤ እንዳይጻፍ የቀረበው ሐሳብ ሦስት ለአንድ አለፈ። የተቃወመው ጸሐፊው ነው፤ እስክሪብቶውም በእጁ ነበር።

ስብሰባው 11፡40 ላይ ተነሣ።