የጋሽ ያረጋል ቆርቆሮ

ከተማ ያለ ዘበኛ ያድራል፤ "ሞክሬዋለሁ" ባይ ሳይኖረው ግን አያድርም። በጃንሆይ ዘመን ለቡታጅራ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ያረጋል ነበሩ።

የወባ መድኃኒት ረጪ ሆነው ቆላውን ሁሉ የዞሩ ጎረቤቴ ናቸው። ጥርስ ቢያምህ "በራሴ ገላ ሞክሬዋለሁ!" ብለው ቅርንፉድ ያዛሉ። ኮሶ? ሞክረዋል። የእብድ ውሻ ንክሻ? እሱንም። የጎረቤት ልጅ መሰለች ምጥ ይዟት ስትጮህ በመስኮት ብቅ ብለው "አይዞሽ፣ ሞክሬዋለሁ" ቢሏት፣ ምጧን ረስታ ሳቀች።

ከብብታቸው የማትለይ፣ ዝገት የበላት ቆርቆሮ ነበረቻቸው። ውስጧ ጊንጥ አለ ይባላል። እሳቸው ሲያወሩ ዝም ትላለች፤ ሲተክዙ ትቧጥጣለች። ጫር... ጫር... ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ፣ አንገቱ ላይ የሆነ ነገር ሲሄድበት ይውላል። ማሲንቆ መቺው አስረስ በየጠጅ ቤቱ ይዘፍንባቸዋል፦

ጊንጡን ይዞ ዞረ በቆርቆሮ ዘግቶ፣
ሁሉን ቀምሻለሁ ይላል አፉን ሞልቶ።

ሁሉም ሲስቅ ጨርቅ ነጋዴው ሸረፋ አልሳቀም። ሃሊማን ካገባ ወራት አልፈዋል፤ እሱና እሷ ግን አሁንም እንደ እህትና ወንድም ናቸው። አባቷ የፊታችን ጁምዓ ሊወስዷት ነው። ጊንጥ የነደፈው ወንድ ኮርማ ይሆናል ሲባል ሰምቶ፣ እኔ ባለሁበት ጋሽ ያረጋል ዘንድ መጣ።

"ጋሽ ያረጋል፣ ወላሂ ጊንጧ አንዴ ትንደፈኝ! ከሞትኩም ልሙት።"

ክቡርነታቸው "ሞክሬዋለሁ" አላሉም። ያኔ ፈራሁ።

"ሕያው ጊንጥ ያለው ጥያ ነው። ተነሡ" አሉን።

በጭነት መኪና ቡኢን አልፈን ስንደርስ ቀትር ሆኗል። ሰይፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች፣ ወሬያቸውን በእኛ ምክንያት ያቋረጡ ሰዎች ይመስላሉ። ወፍ የለም፣ ንፋስ የለም። ጋሽ ያረጋል አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ገለበጡ። ቢጫዋ ጊንጥ ጅራቷን አቆመች። በብብታቸው ያለችው ቆርቆሮም መለሰችላት፤ ጫር...

ሸረፋ ቢስሚላህ ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ምርኩዛቸውን ጣልቃ አስገቡ።

"እዚያ ከወገብህ በታች ያለው ጡንቻ እንደ ክንድህ አይታዘዝልህም፣ አንተ ልጅ! ሲጨብጥ የደሙ በር ይዘጋል፤ ሲላላ ይከፈታል። የጊንጥ መርዝ በሩን በርግዶ ይከፍተዋል፤ መዝጋት ግን አያውቅበትም። ደሙ እዚያው ይቆማል፤ ሥጋው ከውስጥ ይሞታል።"

"በምን አወቁ?"

ድንጋዮቹን ዞር ብለው አዩ፤ የሚሰሟቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሞክሬዋለሁ። ጊቤ በረሃ፣ ለሠርጌ ልጎብዝ ብዬ። እጮኛዬን ፀዳለን ያላገባኋት ንቄያት እንዳይመስልህ።"

በዚያ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ። የሳቅንባቸው ቃል፣ ለካ ከመቃብር አፍ ይወጣ ነበር።

"አንተን የያዘህ ፍርሃት ነው" አሉት ቀጥለው፤ "ፍርሃትም ያንኑ ጡንቻ ይጨብጣል። ሌሊት ቤትህ ውስጥ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ የምታስለው ማን ናት?"

"አክስቴ ናት። እንድትሰማ... መገናኘታችንን እንድትመሰክር ብለው ዘመዶቼ..."

"ዛሬውኑ ወደ አገሯ ስደዳት! ሃሊማንም ዝም ብለህ አጫውታት።"

"ይህንንስ ሞክረውታል?" አልኳቸው።

"ይህን አልሞከርኩም" አሉ፣ ጊንጧን ቀስ ብለው በድንጋዩ እየከደኑ።

አክስትየው ሄደች። የጁምዓ ዕለት የሃሊማ አባት ሲመጡ፣ ልጃቸው ደጃፉ ላይ ቆማ "አባዬ፣ ምሳ በልተህ ተመለስ፤ እኔ ቤቴ ነኝ" አለቻቸው።

ጋሽ ያረጋል ሲሞቱ ቆርቆሮዋ ለሸረፋ ደረሰች። አብረን ከፈትናት። ውስጧ ያለችው ጅራቷ የተቆረጠ፣ እንደ ገለባ የቀለለች፣ ከደረቀች ስንት ዘመን የሆናት ጊንጥ ናት።

ግን በቀትር፣ መንገዱ ጭው ሲል፣ ቆርቆሮዋ ከሸረፋ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ትቧጥጣለች። ሸረፋ ጨርቁን መለካት ያቆማል፤ እኔም ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ። አንፈራም። ክቡርነታቸው ወዲያኛውን ዓለም በራሳቸው ገላ ሞክረው፣ ሊነግሩን የመጡ ነው የሚመስለን።