ከብርድ ልብስ ሱቅ የሚመራ ክለብ

ሀበሻ በሚነግድበት መንገድ ሁሉ፣ ደመወዝ ሳይከፈለው ክለብ የሚያስተዳድር አንድ ሰው አይታጣም። ኳስ በእግሩ የነካው ቁምጣ ለባሽ ልጅ ሳለ ነው። ማን እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚሸጥ፣ ማን ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንደሚበሰብስ ግን አሳምሮ ያውቃል። ጠይቁት፣ ይነግራችኋል። ባትጠይቁትም ይነግራችኋል።

የሮሃ አባት፣ ክቡር አቶ ለገሠ፣ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር ብርድ ልብስና መጋረጃ ይሸጣሉ፤ ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ነው። ዋናው ሥራቸው ኢስት ሪፍ ሮቨርስ የሚባለውን የከተማውን ክለብ ማዋቀር ነው። ሥራው የሚጠናባቸው ደግሞ ሊጉ ተዘግቶ ዝውውሩ በሚከፈትበት በጁንና በጁላይ ነው። የጆሃንስበርግ ብርድም የሚጠናው ያኔ፣ ብርድ ልብስ የሚሸጠውም ያኔ ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ! ደንበኛው ይጠብቃል።

የብርድ ልብስ ካርቶን ይቀድዱና ሦስት ረድፍ ያሰምሩበታል፤ የሚቆዩ፣ የሚሰናበቱ፣ የሚመጡ። አንዲት ጎጎ፣ የአገሩ አሮጊት፣ ገብታ "ሳውቦና ባባ፣ ይሄ ባለ ነብሩ ስንት ነው?" ስትላቸው፣ እስክሪብቷቸውን ሳያስቀምጡ "ዬቦ ማማ፣ ቆይ እስቲ፣ ግራ ተከላካይ ላይ አንቺ ብትሆኚ ማንን ታሰልፊያለሽ?" ይሏታል። ወይ ጉድ! የጎጎዋ ነገር ደግሞ፣ ቆማ አስባ መልስ ትሰጣለች። አንዷማ ሁለት ተጫዋች አሰናብታ፣ ብርድ ልብሱን ረስታ ሄዳለች።

አቶ ለገሠ ሁለት አባባል አላቸው። አንደኛው "ችግሩ ግራ መስመር ነው" የሚለው ነው። የሱቁ ጣሪያ ሲያፈስ ችግሩ ግራ መስመር ነው። በቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ሲሳሳቱም በግራ በኩል ስለሳሱ ነው። ሁለተኛው "እግር ኳስ ይሉኝታ አያውቅም" ነው። ይህን የሚሉት ሰው ሲያሰናብቱ ነው፤ ሲያሰናብቱ ደግሞ ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረባቸውም። ሠላሳ ዓመት የሞላው ይሂድ! ጉልበቱን የታመመ ይሂድ! ምቩዮ የሚባለውን የሮቨርስን ግራ ተከላካይማ አምስት ዓመት በተከታታይ አሰናብተውታል። እሱ ግን ይህን ሳይሰማ ሲጫወት ኖረ።

ዘንድሮ ሮቨርስ አሥራ ሦስተኛ ወጣ። አቶ ለገሠ ለክለቡ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጻፉ ማለት ተናገሩና ሮሃ ጻፈችው። "አሜሪካኖች መጨረሻ የወጣውን ቡድን አዲስ ተጫዋች በድራፍት ቀድሞ ያስመርጡታል። እኛ ግን አሥራ ሦስተኛ ወጥተን እንኳ ቅደሙ ያለን የለም" የሚል ነው። ደብዳቤው መልስ አላገኘም። መልስ መስጠት የነበረባትም ሮሃ ነበረች።

አዎ፣ ሮሃ የምትሠራው ሮቨርስ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች፣ በተጫዋቾች ምዝገባ ክፍል የአንድ ዓመት ውል አገኘች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ ሌላ አምስት ቦታ አመልክታ ስልክ የደወለላት አልነበረም። አባቷ ሹመቱን እንደ ራሳቸው ሹመት ቆጥረው መንገዱን ሙሉ ለስላሳ ጋበዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሮይቪል ያለው ቤታቸው ራት ላይ የምርመራ ክፍል ሆነ።

"ዳዲ ፕሊስ፣ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሜያለሁ። መናገር አልችልም።"

"ማን ተናገሪ አለሽ? እኔ ስም እጠራለሁ፣ አንቺ ዓይንሽን ብቻ አርገብገብ ታደርጊያለሽ።"

ሮሃ ዓመቱን ሙሉ ሳህኗ ላይ አፍጥጣ በላች። እናቷ የሻሽወርቅ "ልጅቷን አስበላት እንጂ!" ብትላቸውም አይሰሙም። ደግሞ ስም ባይነገራቸውም የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። "የሚሰናበት ተጫዋች ሳይነግሩት ይገባዋል" ይሉ ነበር። "ዕቃውን አንድ በአንድ ከመልበሻ ክፍል ያወጣል። ዛሬ ጫማ፣ ነገ ፎጣ። ወሬውን ተዉትና ቦርሳውን እዩ።"

በጁን መጀመሪያ ላይ የስንብቱ ዝርዝር ለሮሃ መጣላት፤ የምትተይበው እሷ ናት። አሥራ አንድ ተጫዋች ይሰናበታል፤ ምቩዮም በመጨረሻ አለበት። ሁለተኛው ገጽ የቢሮ ሠራተኞች ነው። ክለቡ ወጪ ስለሚቀንስ፣ ውላቸው በጁን ሠላሳ የሚያልቅ አይታደስላቸውም። አራተኛው ስም የራሷ ነበር። ኤይሽ! የራሷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ ሳትሳሳት ተየበችው። አትማ ለአለቃዋ ሰጠች።

እቤት አልተናገረችም። እንዴት ትናገር? አባቷ መንገዱን ሙሉ ለስላሳ ጋብዘውባታል። ሰኞ የሻይ ኩባያዋን፣ ማክሰኞ የቢሮ ሹራቧን፣ ሐሙስ ከጠረጴዛዋ ሥር የነበረችውን ትንሽ ማሞቂያ ይዛ ገባች። አባቷ ሶፋው ላይ ሆነው ቦርሳዋን አዩ። በዚያ ሳምንት የማንንም ተጫዋች ስም አልጠሩም።

"አባትሽን አሞት ይሆን?" አለች የሻሽወርቅ።

በቀጣዩ ሳምንት ረቡዕ ጠዋት የበሩ ጥበቃ ለሮሃ ደወለላት። "ሲስ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች መጥተዋል። ወንበር ሰጥቻቸው አንቀመጥም አሉ። ተቃውሞ ነው እንዴ?"

ሮሃ ወረደች። ጋሽ ማርቆስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ቆመዋል። አጠገባቸው የመጋረጃ ጅምላ ነጋዴው ሐጂ አብዱረዛቅ ከዘራቸውን ተደግፈዋል። ከኋላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው የያዙት አባቷ ናቸው። ሮሃ ይህን አቋቋም ታውቀዋለች። ለልመና የተላከ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ልጅ ሲጠየቅ አይታለች፣ የተጣላ ባልና ሚስት ሲታረቅ አይታለች። የእግር ኳስ ክለብ ሲለመን ግን፣ በሕይወት ካለ ሰው አየሁ የሚል የለም።

"ዳዲ! ምን እያደረግክ ነው?"

"ስለ ምቩዮ ነው የመጣነው" አሉ አቶ ለገሠ፣ ግድግዳውን እያዩ። "ሰው እንዲህ አይጣልም።"

አምስት ዓመት ሲያሰናብቱት የኖሩት ሰውዬ! በዚህ መሀል የውሎች ኃላፊዋ ማዳም ዲኔዎ ወረዱ። አለቃዋ ናቸው፤ ዝርዝሩን የፈረሙትም እሳቸው። ወንበር አሳዩ፣ ሽማግሌዎቹ በጨዋ ደንብ እጅ ነስተው ቆሙ። አስተርጓሚ ከሮሃ በቀር የለም።

ጋሽ ማርቆስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እመቤት፣ የግራ ተከላካዩን ነገር ይማሩልን።"

ሮሃ ተረጎመች። ማዳም ዲኔዎ ግራ ገባቸው። "ምቩዮን? ልሂድ ያለው እኮ ራሱ ነው። ኢስተርን ኬፕ፣ አገሩ ገብቶ ልጆች ሊያሠለጥን ነው። ደስተኛ ነው።"

ሮሃ ይህንንም ተረጎመች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው አቶ ለገሠን አዩ። አቶ ለገሠ ባርኔጣቸውን አዩ።

ሐጂ አብዱረዛቅ ዙሪያ ጥምጥም አይወዱም። "ልጄ፣ እሱ መግቢያ ነበር" አሉ። "የመጣነው ስላንቺ ነው። ንገሪያት።"

"ሐጂ፣ ይሄን እኔ እንዴት ልተርጉም?"

"እና ማን ይተርጉም? ስንት ዓመት አፋችን አንቺ አይደለሽ?"

ጋሽ ማርቆስ ቀጠሉ። "ይቺ ልጅ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ የእኛን ወረቀት ስትሞላ ኖራለች። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የሆስፒታሉን፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት። እኔ ስታመም ሐኪሙ ፊት ቆማ ያስረዳችልኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ሰለቸኝ አላለችም። የሚጠቅማችሁን ሰው አትልቀቁ።"

"ስለ እኔ ነው" አለች ሮሃ በእንግሊዝኛ። "ቅጽ መሙላት ትችላለች ይላሉ።"

"ኖ ማዳም!" አሉ አቶ ለገሠ በሱቅ እንግሊዝኛቸው። "ልጅቷ ግማሹን ዘለለችው!" ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "እኔ እቤቴ ካርቶን ላይ ሁሉንም አሰናብቻለሁ። አንድም አላስቀረሁም። ኩባያዋን ይዛ ስትገባ ግን… እሷን አልቻልኩም ማዳም።"

ሮሃ እስካሁን በአባቷ ስታፍር ነበር፤ አሁን ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም፣ እንባዋ ሊመጣ ነው። ማዳም ዲኔዎ ከዘራቸውን የተደገፉትን ሐጂን አዩ።

"ለምንድነው የማይቀመጡት?"

"ደንባችን ነው" አለች ሮሃ። "የለመኑት እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም። አሁን ይህን አውቀው ተቀመጡ ካሉ፣ እሺ አሉ ማለት ነው።"

"አሥራ አንድ ሰው እየሸኘን ዘጠኝ እያስመጣን ነው" አሉ ማዳም ዲኔዎ። "ምዝገባውን ማን እንደሚሠራልኝ እኔም ስጠይቅ ነበር። ውልሽን እስከ ዲሴምበር ማራዘም እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃል አልገባም።" ከዚያ ወደ ወንበሮቹ እጃቸውን ዘረጉ። "እንግዲህ ተቀመጡ በያቸው።"

"ተቀመጡ ብለዋል" አለች ሮሃ በአማርኛ፣ በቀጭን ድምፅ።

ጋሽ ማርቆስ አማተቡ፣ ሐጂ አልሐምዱሊላህ ብለው ተቀመጡ። አቶ ለገሠ በመጨረሻ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አንድ ደቂቃ አልቆዩም። ከካፖርታቸው ውስጥ የታጠፈ የብርድ ልብስ ካርቶን መዘው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

"ማዳም፣ እንግዲህ ምቩዮም ከሄደ፣ ችግሩ ግራ መስመር ነው።"

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ሮሃም አጠገባቸው ቆማ፣ አንድ ቃል ሳትዘልል ተረጎመችላቸው።