ከሰማይ ሃያ ደቂቃ፣ ከቢሮ አሥራ ሦስት ቀን

ቀን፦ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.። የልጄ የሙላቴ መርዶ የደረሰኝ ሐምሌ 10 ነበር፤ አርባውን ያወጣሁት ትናንት ነው። ስብሰባው ትንሽ እንዲዘገይልኝ ብጠይቅም ጉዳዩ «አስቸኳይ» ስለሆነ አልተፈቀደም።

ቦታ፦ ደብረ ታቦር፣ የጉና ሥር መንደሮች የሳተላይት መረጃ አድራሽ ኮሚቴ ቢሮ።

የተገኙ፦ አቶ ሞገስ ሰብሳቢ፣ ወ/ሪት ሠናይት ባለሙያ፣ አቶ ነጂብ የነጋዴዎች ተወካይ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ወ/ሮ ፍቅርተ ጸሐፊ።

ያልተገኙ፦ አቶ ደረጄ፣ ማኅተም ያዥ። እንደ ሐምሌው ሁሉ ዛሬም እንደገና ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ናቸው። ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የሐምሌው ምስል ስለ መዘግየቱ

ወ/ሪት ሠናይት እንዳስረዱት፣ ሳተላይቱ ሐምሌ 1 ቀን ከጸሐፊዋ መንደር በላይ ያለው ተዳፋት መሰንጠቁን አንስቶ ምስሉን በሃያ ደቂቃ ወደ ምድር አውርዷል። ዕለቱን እዚህ ቢሮ ገብቷል። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ግን ማኅተም ሲጠብቅ ቆይቶ መንደሩ የደረሰው ሐምሌ 14 ነው። ተዳፋቱ የተናደው ሐምሌ 10 ነው። ሙላቴ ከሥሩ ድንች ይኮተኩት ነበር።

ሰብሳቢው ሃያ ደቂቃ እጅግ የበዛ መሆኑን በምሬት ገለጹ። አቶ ነጂብ «ጋሼ ሞገስ፣ ጉና እኮ በእግር እንኳ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አሥራ ሦስት ቀን የፈጀው ሳተላይቱ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ተባለ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሳተላይቱ ዝቅ ብሎ እንዲያልፍ በደብዳቤ እንዲጠየቅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ስልክ

አቶ ነጂብ ምስል በመጣ ቁጥር ለመንደሩ በስልክ ይነገር አሉ። ሰብሳቢው «ስልክ ማኅተም አለው ወይ?» ቢሏቸው፣ «ናዳውስ ነበረው?» ብለው መልሰዋል። ጸሐፊዋ እጅ ብታወጣ፣ ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም ተባለች። ጽፋለች። ድምፅ መስጠት ግን ስላልተከለከለች በሦስት ለአንድ በስልክ እንዲነገር ተወሰነ።

ወዲያው አዲስ ምስል ገባ፤ ስንጥቁ ወደ ቀሩት ቤቶች ሰፍቷል። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው ኮሚቴውን ባቋቋመው ደብዳቤ ላይ ራሱ ማኅተም እንዳላረፈ አስታወሱ። ስለሆነም የዛሬው ውሳኔ ሁሉ ተሽሮ፣ ምስሉም አቶ ደረጄ እስኪመለሱ በፋይል እንዲቆይ ተወስኖ ስብሰባው 6፡10 ሰዓት ላይ ተዘጋ።

6፡11 ላይ ጸሐፊዋ መንደር ላለችው ጎረቤቷ ለውዴ ደወለች፦ «ውዴ፣ ያለ ማኅተም ነው የምነግርሽ። ዕቃውን ተዪው፤ ሰዉን ይዘሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ውጪ።» ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ወጥተዋል።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የሙላቴ የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። በጸሎታችሁ ጥሩልኝ። ማኅተም አያስፈልገውም፤ ዕለቱን ይደርሳል።