የጋሽ ተከስተ በርሜሎች

ጋሽ ተከስተን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። አምስት ዓመት ጎረቤታቸው ስሆን ከሰላምታ ያለፍነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። እናንተም ግን ታውቋቸዋላችሁ። ሁሉን አዋቂ የሌለበት ሰፈር እግዜር አልፈጠረም፤ ለእኛ ለቂርቆሶች የደረሱን እሳቸው ናቸው።

ቆጣሪ ሊጠግን የመጣውን ሠራተኛ ከመሰላሉ ሥር ሆነው ያርሙታል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሟቹ መውሰድ የነበረበትን መድኃኒት ያብራራሉ። መግቢያቸው ምን ጊዜም አንድ ነው፦ "ነገሩ ቀላል ነው፤ ማለቴ፣ ለሚያውቀው።"

ዘንድሮ ሊቁ ወደ ከብት እርባታ ዞሩ። እሳቸው ላም ኖሯቸው አያውቅም። ላም ያላት ፀሐይቱ ናት፤ ከግቢያችን ጓሮ ሁለት ላሞች አስራ የሰፈሩን ሕፃናት ወተት ታጠጣለች። ድርቆሽ ከአቅሟ በላይ ሲሆንባት ጋሽ ተከስተ መላ አመጡ፦ እርጥብ የበቆሎ አገዳ ከትክቶ፣ የባክቴሪያ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ማርከፍከፍ፣ ከዚያ አየር እንዳይገባው በርሜል ውስጥ ጠቅጥቆ መክደን። ገፈራ ይባላል አሉ።

"እኛ ባክቴሪያው እንዲሞት ወተት እናፈላለን፣ እርስዎ ላሞቼን ሊያበሉብኝ ነው?" አለች ፀሐይቱ።

"ሊጥሽን የሚያቦካው እርሾ ምን መሰለሽ? ነገሩ ቀላል ነው።"

ያላትን ገንዘብ ሁሉ አገዳ ገዛችበት። ቢበሰብስ ላሞቹን ከመሸጥ ሌላ መንገድ አልነበራትም።

አርባ ቀን ሙሉ ጋሽ ተከስተ በርሜሎቹን ጠበቁ። ክዳን የነካ ሁሉ ስለ አየር ትምህርት ተሰጠው። በድሉ የሚባለው ጎረቤታችን ባለፈ ባገደመ ቁጥር ጠላው ደረሰ ወይ እያለ ያበግናቸዋል።

የሚከፈትበት ቀን ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን ቆምን። ክዳኑ ሲነሳ የወጣው ግን በደንብ የቦካ ሊጥ ሽታ ነው፤ ኮምጠጥ፣ ጣፈጥ ያለ። ቀይዋ ላም አሸተተች፣ አሰበች፣ ከዚያ አንገቷን ባልዲው ውስጥ ከታ ቀረች። ፀሐይቱ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

"ነገሩ ቀላል ነው አላልኩም?" አሉ ጋሽ ተከስተ፤ ቀጥለውም ገፈራው የሚያዝበት ባዶ ማዳበሪያ ሊሰጡኝ ወደ ቤታቸው ይዘውኝ ሄዱ።

ቤታቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ሳሎኑ እስከ ጣሪያው በድርቆሽ እስር ተሞልቷል፤ ለሰው የተረፈው አንድ ዱካ መቀመጫ ብቻ ነው። ከላይ ያሉት እስሮች አቧራ ለብሰዋል፤ ከተደረደሩ ቢያንስ አንድ ወር ሆኗቸዋል።

"ጋሽ ተከስተ፣" አልኩ፣ ከየት በመጣ ድፍረት እንደሆነ እንጃ፣ "ላም የለዎትም። ይሄ ሁሉ ድርቆሽ ለማን ነበር? ገፈራው ቢበሰብስ ለፀሐይቱ?"

ማዳበሪያውን አስታቀፉኝ፣ ገፋ አድርገው አስወጡኝና በሩን ቆለፉ።