አትመኑኝ የሚለው ኢንጂነር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲወጣ ምን ይተርፈዋል? አቶ እንዳልክ ይህን ሲያብሰለስሉ ሁልጊዜ ወዳጃቸው በድሉ ፊታቸው ላይ ድቅን ይላል። ከእሱ የሚተርፈው አንድ ምሰሶ ነዋ!

ሐበሻ በስደት በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ኢንጂነር አይጠፋም። አዲስ ቤት ገዝታችሁ ስትጠሩት፣ “እንኳን ደስ ያላችሁ” ከማለቱ በፊት ግድግዳውን ያንኳኳል። የኦሮራ ከተማው ክቡር ኢንጂነር በድሉ መሃል ዴንቨር ባለ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል። ቁልፍ ሲቀበል አስቀድሞ የማቆሚያውን ምሰሶ በቁልፉ ኳ ኳ ያደርጋል። ባለመኪናው ደንግጦ “ችግር አለ?” ሲለው፣ “እስካሁን የለም” ይላል።

ፍቅሩ አንድ ነው፤ ሆዱ በኮንክሪት የተሞላ የብረት ቱቦ። ያውም ሲሚንቶው ተቀንሶ የተቃጠለ ሸክላ የገባበት፣ ሲመረት ወደ አየር የሚለቀቀው ካርቦኑ ያነሰ ኮንክሪት። ክርስትና ላይም ለቅሶ ቤትም ወሬው ይኸው ነው። “እሳት ሲመጣ ብረቱ ቀድሞ ይልፈሰፈሳል። ያን ጊዜ ሸክሙን ሆድየው ይረከባል። ቆዳ ይከዳል፤ ሆድ አይከዳም!”

“ካርቦን ከሰል አይደል እንዴ?” ትላለች ሚስቱ ትርፌ። “ከሰል ካነሰውማ በምኑ ይነዳል?”

የቤተ ክርስቲያኑ አዲስ አዳራሽ ሊሠራ ሲል ነገሩ ከረረ። ተቋራጩ የተለመደውንም የበድሉንም ዓይነት ምሰሶ ከነላብራቶሪ ወረቀታቸው አቀረበ። አቶ እንዳልክ የሚሰበስቡት ኮሚቴ ግን ወረቀት አያምንም። ልጆች የሚዘምሩበት አዳራሽ ነው፤ እሳት ቢነሣስ?

በድሉ ብድግ አለ። “ለመስቀል አንዷን ምሰሶ ደመራው መሃል እንትከላት። እንጨቱ ይንደድ፤ እሷ ቆማ ታዩዋታላችሁ።”

“ደመራው ታዲያ ወዴት ይወድቃል?” አሉ ቄስ ትንሳኤ።

“አይወድቅም! ቁም ነገሩ እኮ እሱ ነው፣ አባ!”

“ካልወደቀ የዘመኑን ነገር በምን እናውቃለን?”

“ፈንድታ ብትፈጀንስ?” አሉ አቶ እንዳልክ።

“እንፋሎት ማስወጫ ቀዳዳ አላት።”

“ያንተ ማስወጫ አፍህ ነው፤ ተዘግቶም አያውቅ” አለች ትርፌ ከኋላ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ እንዳልክ እንባቸውን እየጠረጉ ቀና ሲሉ በድሉ ብቻ ሳይስቅ እንደቆመ አዩ።

“ስንት ዘመን የሰው መኪና አቆምኩ” አለ ቀስ ብሎ። “የራሴን ሐሳብ ግን አንድ ቀን ቆሞ አላየሁም።”

ሳቁ ቀጥ አለ። “የበድሉ ይሁን የምትሉ?” አሉ አቶ እንዳልክ። እጅ ሁሉ ወጣ። ትርፌ የኮሚቴው አባል ሳትሆን ሁለቱንም እጆቿን አወጣች።

“ፈተናው ይቅር፣ ልጄ” አሉ ቄስ ትንሳኤ። “አንተን አምነናል።”

ሁሉም ሊያቅፈው ተነሣ። በድሉ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ያን ቀን የለመነውን እስከ ዛሬ ያደረገለት የለም።

“በእግዚአብሔር አትመኑኝ! ልጆች ናቸው የሚገቡበት! አንዷን ብቻ አቃጥሉልኝ!”