ድምፄን የሚገዛ አጣሁ

ወገን፣ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ቁጭ በሉ። ሰው ሁሉ ድምፁን ሸጠ ሲባል ያፍራል፤ እኔ ያፈርኩት ግን የሚገዛኝ በማጣቴ ነው።

ነገሩ የጃንሆይ ዘመን ነው። ነገሌ ቦረና አስተማሪ ነበርኩ። የፓርላማ ምርጫው ባለፈ በወሩ ከአዲስ አበባ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ። ተወዳዳሪዎቹ ለመራጩ ስኳር አድለው እንደሆነ ሊያጠና ነው። ኦሮምኛ አይችልም። አስተርጓሚው ማን ሆነ? እኔ!

ዘዴውን ስሙኝ። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ቢጠየቅ ማን ያምናል? ስለዚህ እኛ ጀርባችንን እናዞራለን፤ ተጠያቂው ሳንቲም ይወረውራል። ዘውድ ከወጣ፣ ስኳር ቢቀበልም ባይቀበልም «ኤዬ» ይላል፤ አዎ ማለት ነው። ጎፈር ከወጣ እውነቱን ይናገራል። ሳንቲሙን ያየው እሱ ብቻ ስለሆነ «ኤዬ» ያለን ሰው ማንም ሊከሰው አይችልም፤ ተማሪው ግን ኋላ ከ«ኤዬ»ዎቹ የዘውዱን ድርሻ ቀንሶ በጠቅላላው ስንቱ እንደተቀበለ ያሰላል።

ይህን ለእያንዳንዱ ሰው ያስረዳሁት በገዛ አፌ ነው። ልብ በሉ፣ በገዛ አፌ።

የመጀመሪያው ቤት፣ ኤዬ። ሁለተኛው፣ ኤዬ። ሦስተኛው የጎረቤቴ የኦቦ ጂሎ ቤት ነበር። ጂሎ ከብት ነጋዴ ነው፤ ደብዳቤ ሲመጣለት የማነብለት እኔ ነኝ። ሳንቲሙን አየና ጢሙን ዳበስ አድርጎ «ኤዬ» አለ።



ስኳር የሚላክለት ድምፁ የሚፈለግ ሰው ነው። ለጂሎ ተልኮ ለእኔ ከቀረ፣ እኔ በዚህ ከተማ ማን ነኝ? ዘውዱም ጎፈሩም ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። ቀናሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ተማሪውን እዚያው ትቼ በቀጥታ ወደ መረጥኩት ሰው ወኪል ሱቅ ገሰገስኩ። ሱቁ በገበያተኛ ሞልቷል።

«ጋሼ፣ ከጂሎ በምን አንሼ ነው ስኳር ያልደረሰኝ?»

ሽማግሌው ወኪል ሚዛናቸውን አስቀመጡ። «ለጂሎ ሰጠን አልሰጠን ምን አገባህ? ላንተስ ለምን ብለን እንሰጣለን? ሳንጠይቅህ ገበያ መሀል እኛን እንደምትመርጥ ስትለፍፍ አልነበር እንዴ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ወሬው ያቤሎ ከተማ ድረስ ሳይሄድ አልቀረም።

ስመለስ ጂሎ ሰምቷል። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ናጋ መምህር» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና «ስኳር ካማረህ ቤት ግባና ሻይ ጠጣ» አለኝ። የወጣለት ዘውድ ይሁን ጎፈር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ምንም ያልገባው ምስኪን ተማሪ ደግሞ «መምህር፣ እዚህ ሰፈር የቀሩት እርስዎ ነዎት» ብሎ ሳንቲሙን አስጨበጠኝና ዞረ። ጂሎ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

ወረወርኩ። ጎፈር።

«ኤዬ» አልኩ።

ዘዴው የተሠራው የተቀበለ ሰው ሳያፍር እንዲናገር ነው፤ ያልተቀበለ ሰው አፍሮ ይዋሻል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እስቲ እውነት ተናገሩ፤ ጂሎ እየሰማ «እኔንስ የፈለገኝ የለም» ትሉ ነበር?